«ስኳር» ተብላ የተሸጠችልን መኪና

ዓረብኛ የተማርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ከወሎ ወጥቼ ጂዳ የገባሁት፣ ከአገራችን ሴት ልጅ በየአውሮፕላኑ ተጭና በምትመጣበት ዘመን ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ኖሬያለሁ። ስለ ጨው፣ ስለ ሩዝ፣ ስለ ነጭ ልብስ አስተጣጠብ፣ ስለ ልጆች ትኩሳት የሚያናግረኝ ካለ እንደ አገሬው እመልስለታለሁ። ስለ መኪና ግን አንድም ሰው አናግሮኝ አያውቅም። ያን ጊዜ እዚያ አገር ሴት መኪና አትነዳም፤ እኔም የኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፌ ከመቀመጥ በቀር ከመኪና ጋር ጉዳይ አልነበረኝም።

ጉዳይ ያመጣብኝ ትዳር ነው። ባሌ እንደኔው የወሎ ልጅ ነው፤ በሰው ቤት ሹፌርነት ከመጣ ገና ዓመቱ ነበር። ኒካሕ ካሰርን በኋላ ሂንዳዊያ የሚባል የጂዳ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየንና አሠሪዬን ማዳምን ለመንኳት። ማታ ማታ እዚያ ልደር፣ ጠዋት ጠዋት ልምጣ አልኳት። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ለሳምንት ያህል አሰበችና ፈቀደች። ሸርጧ፣ የፈቀደችበት ውል፣ አንድ ብቻ ነበር፤ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ሳይነሡ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ መገኘት። «ሦስት ቀን ካረፈድሽ ኸላስ፣ አበቃ፤ ዕቃሽን ይዘሽ ወደ ክፍልሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። ክፍልሽ የምትለው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የቆመበትን ጓዳ ነው። ዘጠኝ ዓመት የተኛሁት ከማሽኑ ጎን ነበር።

ሂንዳዊያ ያለችው ክፍላችን ለሁለት ሰው እንኳ ጠባብ ነበረች። መስኮቷ የሚከፈተው የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው፤ ከታች ያለው ዳቦ ቤት ሙቀቱ ወለሉን አልፎ ይመጣል። እኔ ግን የበላንበትን ሳህን ሳላጥብ እተኛ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው። ማንም ተነሺ እንደማይለኝ ላረጋግጥ። ባሌ መጀመሪያ ስንፍና መስሎት ነበር፤ ነገሩ ሲገባው እሱም ሳህኑን አይነካውም።

የማዳም ቤት ከከተማው ሰሜን ጫፍ ነው። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም፤ በየቀኑ ታክሲ መያዝ ደግሞ ለታክሲው ነው የምሠራው ያሰኛል። ባሌ የሚነዳት የአሠሪዎቹ መኪና የምታድረው እነሱ ግቢ ነው። ስለዚህ የራሳችን መኪና አስፈለገን። መኪና ካለ ክፍሏ አለች፣ መኪና ከሌለ ክፍሏም የለችም። ያለንን አራግፈን ይዘን፣ አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ያገለገለ መኪና ወደሚሸጥበት ቦታ ሄድን።

ሻጩ ጀለቢያው የተተኮሰ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንዲት ነጭ መኪና አሳየን። ባሌ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቷን አየ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ጆሮውን አስጠጋ፣ ግቢውን ሁለቴ አዞራት። ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኘው የሙቀት መለኪያዋ ነው። ቁልፉ ሲዞር ቀስቷ እስከ መሃል ትወጣና እዚያው ቀጥ ትላለች።

«አየሽ? በዚህ ሐሩር ንቅንቅ አላለችም እኮ!» አለኝ።

መኪናውን ማየት የእሱ ሥራ፣ ዓረብኛው የእኔ ሥራ ነበር። የእሱ ዓረብኛ ቀኝ፣ ግራ፣ ቁም፣ ጠብቅ ከሚሉት አያልፍም። ሻጩ ይህን እንዳወቀ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ፣ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሹፊ ያ ኡኽቲ፣ ሱከር ፊ ሞያ!» አለ። ተመልከቺ እህቴ፣ ስኳር በውኃ፤ ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገመው።

ሱከርና ሞያ! በቀን መቶ ጊዜ የምሰማቸው ቃላት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ለዚያ ቤት ሻይ ስኳር ያማሰልኩ ሴት ይህ ቃል ሊያመልጠኝ ነው? ኮራ ብዬ ወደ ባሌ ዞርኩና፣ «ስኳር ናት ይልሃል። ውኃ ውስጥ እንደገባ ስኳር ልስልስ ያለች፣ እንከን የማይወጣላት» አልኩት። እንከን የማይወጣላት የሚለውን የጨመርኩት ከራሴ ነው። አስተርጓሚ ስሆን ምላሴ ይሰባል።

«ቀቢልቲ?» አለኝ ሰውዬው። ተቀበልሽ ወይ?

«ቀቢልት» አልኩ። አንዴም አይደለም፤ እሱ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ እኔም ሦስት ጊዜ መለስኩ፣ ልክ ኒካሕ እንደሚታሰር። የቆሙት ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ባሌም ደስ ብሎት ፈረመ።

አሥር ቀን በሰላም ሄደች። በአሥራ አንደኛው ጠዋት ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ሞተሯ ጠፋ፤ ብትለምናት ብትለማመጣት አልነሣም አለች። ግማሽ ሰዓት አርፍጄ ስደርስ ማዳም በር ላይ ቆማ አንድ ጣቷን አሳየችኝ። በሳምንቱ ደግሞ መንገድ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሣ። ሁለተኛ ጣት። ያን ጊዜም ቀስቷ መሃል ላይ ቆማለች፤ ባሌ አንዴ እንፋሎቱን፣ አንዴ ቀስቷን እያየ ግራ ገባው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ሐረም ለመስገድ ወደ መካ ወጣን። እንዴት እንደደረስን አላህ ያውቃል፤ ሦስት ቦታ ቆመን ውኃ እየሞላን ነው የደረስነው። ዑተይቢያ የሚባለው የመካ ሰፈር ስንገባ ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለች፤ ሰዎች አገዙንና ገፍተን አንድ ጋራዥ በር ላይ አቆምናት።

የጋራዡ ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ዘራቸው ከእኛው አገር ነው፤ ቤተሰቡ መካ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖት እሳቸው እዚያው ተወልደው እዚያው አርጅተዋል። አማርኛቸው ከእናታቸው የቀረች ናት፣ በየመሃሉ በዓረብኛ ትጠገናለች። ሞተሩን ፈታተው አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። የሞተሩ ራስ ተሰንጥቋል። ዕቃው ተፈልጎ፣ ተገጥሞ፣ ሁለት ሳምንት ይወስዳል አሉ።

«ሲሸጥላችሁ ኤሽ ጋል? ምን አለ ሰውየው?»

«አባባ፣ በጣም አሞግሶልን ነበር እኮ!» አልኳቸው። «ሰው ሁሉ እየሰማ ሱከር ፊ ሞያ ብሎ፣ ስኳር ናት ብሎ።»

ሽማግሌው መኪናዋን ተደግፈው ሳቁ። ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔ አብሬ ልስቅ ስል ፊቴን አዩና ተዉት።

«ያ ብንቲ፣ ልጄ፣ ስኳር ውኃ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?»

«ይሟሟል።»

«ኸላስ። ከሟሟ ወዲያ ሂደሽ ባለሱቁን ስኳሬን ስጠኝ ትይዋለሽ? የመኪና ነጋዴ እንደዛ ሲል፣ ከዛሬ ወዲያ ምን ጉድለት ቢወጣ እኔ የለሁበትም፣ አትምጡብኝ ማለቱ ነው። አንቺም ቀቢልት ብለሻል። ስንት ጊዜ አልሽ?»

«ሦስት» አልኩ።

ባሌን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እሱ ግን አልተቆጣኝም። «ዓረብኛው ከባድ ነው» አለ። ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ! ዘጠኝ ዓመት ያማሰልኩት ስኳር ዞሮ የራሴን ቤት ሲያሟሟው አንጀቴ አረረ።

ሽማግሌው በዚህ መሃል አንገታቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብተው ነበር። ድንገት ባሌን ጠሩት። «ና፣ ና ይህን እይ።» ከሞተሩ ወደ ሙቀት መለኪያው የሚሄደው ሽቦ ተቆርጦ፣ ሌላ ቦታ ተቀጥሎ፣ በጥቁር ፕላስተር እጥፍ ድርብ ተደርጎ ተጠቅልሏል። ሞተሩ ቢነድም ባይነድም ቀስቷ መሃል ላይ እንድትቆም የተሠራ ሥራ ነው። ሳቃቸው ጠፋ።

«ይቺ ስኳርም አይደለች፣ ሞያም አይደለች» አሉ። «ይቺ ጊሽ ናት። ማታለል። ሰው ስኳር በውኃ ማለት የሚችለው ለማያውቀው ጉድለት ነው። እያወቀ የደበቀውን ማሟሟት አይችልም፣ ሐራም ነው። ሂዱና ፊት ለፊት ንገሩት።» ቁራጭ ሽቦውን ከነፕላስተሩ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ።

በማግስቱ ማዳም ከሰዓት በኋላ ፈቀደችልኝና ከባሌ ጋር ጂዳ ወደሚገኘው ሻጭ ሄድን። ሰውዬው እንዳየን ተነሥቶ ተቀበለን፤ አህላን ወሰህላን ብሎ ሻይ አዘዘልን። ደሜ የፈላው እዚያ ላይ ነው። ሌባ ሲይዙት ይሸሻል፣ ይህ ግን ወንበር ይስባል! ሻዩን አልነካሁትም። ሽቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ባለኝ ዓረብኛ ሁሉ ተናገርኩ።

አንድም ቃል ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ስጨርስ ፈገግ እንዳለ፣ «እህቴ፣ ስኳር በውኃ አላልኩሽም?» አለ።

«ብለኸኛል።»

«ሦስት ጊዜ አልጠየቅኩሽም? ቀቢልት አላልሽም?»

ያኔ ቆመው የነበሩት ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ወላሂ ብሏታል፣ ወላሂ ሰምተናል አሉ። እውነታቸውን ነው። ዋሽተዋል ልል አልችልም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ሰውዬው ቢዋሸኝ ኖሮ ውሸታም ብዬ እሰድበውና ይወጣልኝ ነበር። እሱ ግን እውነቱን ጮኾ፣ በምስክር ፊት፣ እንደማይገባኝ ዓይኔ ላይ እያየ ነገረኝ። ስኮራ አየኝ፣ ለባሌ ሳስተረጉም አየኝ፣ ባሌ ፈገግ ሲል አየ። አንዲት ቃል፣ «እንዲያ ማለቴ አይደለም» የምትል አንዲት ቃል አልወጣችውም።

«የማታውቀውን ነው ማሟሟት የምትችለው» አልኩት። «ይህን ሽቦ ግን የቆረጠ እጅ አለ። አላህ አያይህም?»

«ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ይሆናል፣ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ካልሆነ ማሕከማ፣ ፍርድ ቤት አለ። ከፊሎቻችሁን ይዛችሁ ኑና ክሰሱኝ።»

ከፊሎቻችሁን ይዛችሁ ኑ! ከፊል ማለት ዋስ ሆኖ የሚያስገባን አሠሪ ነው፤ ሰውዬው ሰው አገር በሰው ስም የምንኖር መሆናችንን ያውቃል። የባሌ ከፊል፣ ለሹፌሩ መኪና ብሎ ፍርድ ቤት የሚሰለፍ ሰው አይደለም፤ ጠየቅነውም፣ ከስልኩ ቀና ሳይል ማዓሌሽ፣ ምንም አይደል ብሎን አለፈ። ወጥተን መንገድ ዳር ቆምን። ባሌ ሽቦውን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ከተተው። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ሦስተኛዋን ቀን ያረፈድኩት መኪናዋ መካ ተፈትታ እያለች፣ ታክሲ በመጠበቅ ነው። ማዳም ሦስተኛውን ጣት አላሳየችኝም። አላስፈለጋትም፤ ጓዳውን አስጠርጋ፣ አዲስ አንሶላ አስነጥፋ ጠበቀችኝ። ቁጣ ቢኖራት እለምናት ነበር፤ እሷ ግን ደስ ያላት ትመስል ነበር። «ከእንግዲህ መንገድ አያደክምሽም» አለችኝ። የሚመጣው ዓርብ ማታ ከመግሪብ በፊት ዕቃዬን ይዤ እንድገባ ቀጠረችኝ። መኪናው ሊሠራልን ነው፣ ጥቂት ቀን ታገሺኝ አልኳት። «ሸርጥ ሸርጥ ነው፤ አንቺው ተቀብለሻል» አለችኝ። እሷም እንደ ሰውዬው እውነቷን ነበር። በዚያ አገር የተናደድኩባቸው ሰዎች ሁሉ እውነታቸውን መሆኑ ምን ዓይነት ነገር ነው?

ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ያሉትን እኛ ላይ የደረሰውን ሲሰሙ በአምስት ቀን ጨረሱት። ሐሙስ ማታ ባሌ መኪናዋን ከመካ ይዟት መጣ። ሽማግሌው የሠሩበትን ዋጋ ሊቀበሉት እንቢ ማለታቸውን ነገረኝ። ለማዳም ደወልኩ፤ መኪናው ተሠርቷል አልኳት። ክፍልሽ ተዘጋጅቷል አለችኝ።

ዓርብ ከዐሱር በኋላ ባሌ ሻንጣዬን ከኋላ ጫነ። ሂንዳዊያን እስክንወጣ ምንም አላሰብኩም፤ ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ግን አላህ ይቅር ይበለኝና ዱዓ ጀመርኩ። አንዴ ብትበላሽ፣ አንድ ሌሊት ብቻ መንገድ ላይ ብታሳድረን፣ ያቺን መኪና ስኳር ብዬ ይቅር እላት ነበር። ትራፊክ መብራት በያዘን ቁጥር ትጠፋለች ብዬ እጠብቃለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ መንገድ አንዴ እንኳ አላሳለችም። ባሌ ቀስ ብሎ ይነዳ ነበር፤ የኋላዎቹ ጥሩምባ ቢያንባርቁበትም አልፈጠነላቸውም።

ማዳም በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ሰዓቷን አየችና፣ «ማሻአላህ፣ ዛሬስ ቀድመሽ መጣሽ» አለችኝ።