የጽዮን የሥጋት ደብተር

ጽዮን ቶር ፒኛታራ በሚባል የጣሊያን ሰፈር ውስጥ ሲኞራ ኔላ የሚባሉ አሮጊት እያስታመመች እዚያው ቤታቸው ትኖር ነበር። ጭንቀቱ ሲብስባት ሐኪሟ፣ «የሚያስፈራሽን ሁሉ ጻፊው፤ ሳይደርስ የቀረውን እሑድ እሑድ ሰርዢው» አላት። ጻፈች። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ባይታደስስ? የወገቤ ሕመም ቢብስብኝስ? ሲኞራ ቢሞቱ የት እወድቃለሁ? አሮጊቷ አስነብበዋት በሳቅ ፍርስ አሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር፣ «አሎራ፣ እንግዲህ አልሞትኩም፤ ሰርዢኝ!» ይሏት ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ተቀበሩ። ልጃቸው ፌዴሪኮ ቤቱ ሊሸጥ ስለሆነ በወር ውስጥ እንድትለቅ ነገራት። እሑድ ደብተሯን ገለጠች። ሥራ ማጣቱም፣ መንገድ ላይ መውደቁም በየገጹ ተጽፏል። የሲኞራ ባዶ ወንበር ፊት ቁጭ ብላ እንዲህ ስቅስቅ ብላ እንደምታለቅስ ግን የትም ቦታ አልጻፈችም።