የደብሬ ምራቅ

ባለቤቴ የጭንቅላት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ወረታ ከተመለሰ ሳምንቱ ነው። ሰባውን ያለፈ ሰው ስለሆነ አእምሮው ቶሎ አልተሰበሰበም፤ ሲመሻሽ ይቀባዥራል። ትናንት በእናቱ ስም ሲጠራኝ አንዲት ጠያቂ ጎረቤት ሰማችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ዛሬ ማን አይቶት ነበር?» አለችኝ። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ላይ እንደሚመጣ፣ እንደሚያልፍም ነግሮናል ብዬ ሸኘኋት። ጥያቄዋን ግን ከድሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ ገና ያላገባሁ ኮረዳ ነበርሁ። እንኮዬ የምንላቸው አያቴ ከይፋግ ገበያ ሲመለሱ ከበቅሎ ወደቁ። ውለው አድረው እግራቸው ይጎተት፣ ቃል ይጠፋባቸው ጀመር። ከተማ ሐኪም ቤት ጭንቅላታቸውን ከፍተው ውስጡ የቋጠረውን ደም አወጡላቸው። ሐኪሙ ሲሸኘን፣ «ብርሃን ይዩ፤ አነጋግሯቸው፤ ቀስ እያሉ ይራመዱ» አለ።

አክስቴ የሺ ግን አላመነችውም። ትኩስ ቁስል ፀሐይና የወጥ ሽታ ካገኘው ምች ይመታዋል ሲባል ያደገች ናት። እንኮዬን ጓዳ አስተኝታ መግቢያውን በጋቢ ጋረደችው፤ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥራ አንገታቸው ላይ አሰረች። ክረምት ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል። ጓዳው ነጭ ሽንኩርትና እርጥብ ጭቃ ይሸታል። በዚያ ጨለማ ቀንና ሌሊቱ ተደባለቀባቸው፤ ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ድሮ የሞተ በሬ ይነዳሉ። ቀጥሎም «ደብሬ! ደብሬ!» እያሉ ይጣሩ ጀመር።

ደብሬ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ከእንኮዬ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ ገበያ አብረው የሚወርዱ። እኛ አገር ግን ሸክላ ሠሪ በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል፤ የተበላ ሰው ደግሞ የበላውን ስም እየጠራ ይለፈልፋል ይባላል። የአክስቴ ፊት ተለወጠ።

«በራሳቸው አፍ ተናገሩ!»

«ጓደኛቸው ናት፤ ናፍቃቸው ነው» አልኋት። «ደግሞ ከታመሙ ወዲህ ደጃችንን መች ረገጠች? በየት በኩል አየቻቸው?»

«ለእሷ በር ምኗ ነው? አንቺስ የማን ጠበቃ ነሽ? ዝም በይ!»

የበላው ሰው እትፍ ካለበት በሽተኛው ይድናል ስለሚባል አጎቶቼ ደብሬን ሊያመጡ ሄዱ። እነሱ ሲወጡ ጋቢውን ገንጥዬ ጣልሁና እንኮዬን ደግፌ ደጅ አወጣኋቸው። ዝናቡ አባርቶ ነበር።

አጎቶቼ ያመጧት ደብሬ እጇ በሸክላ ጭቃ እንደተለወሰ ከእንኮዬ ፊት ቆመች። «ምራቄ መድኃኒት ቢሆን የራሴን ልጅ እቀብር ነበር?»

«እትፍ በይ!» አላት አንዱ አጎቴ፣ በዱላው መሬቱን እየመታ።

እያለቀሰች እትፍ አለች። እንኮዬ በብርሃኑ ዓይናቸውን እያጨነቆሩ እጃቸውን ዘረጉላት። «ደብሬ፣ ምነው እንዲህ ጠፋሽብኝ?»

ከዚያ ወዲያ ጓዳ አላስገባኋቸውም። አክስቴ ምቹን ስትጠብቅ እኔ እሷን እጠብቃለሁ። ጠዋት ጠዋት የላሞቻችንን ስም እያስጠራሁ፣ እየተጨቃጨቅን በግቢው አዞራቸው ነበር። መስቀል ሲደርስ ምርኩዝ ይዘው ራሳቸው ይሄዱ ጀመር፤ ንግግራቸውም ተስተካከለ።

እኔ ሞኟ ይህ ደብሬን ነፃ ያወጣታል ብዬ ነበር። ሰዉ ምን አለ? «አያችሁ? ምራቋ አዳናቸው! እሷ ባትሆን ኖሮ እንዴት ይድኑ ነበር?» ቢብሳቸው ጥፋቷ፣ ቢሻላቸው የመብላቷ ማስረጃ። ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም። ደብሬም ዳግመኛ ቤታችን አልመጣችም፤ እስኪሞቱ ድረስ በጭቃው እየተንሸራተቱ ወደ እሷ የሄዱት እንኮዬ ናቸው።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ደግፌ እስከ ሩዙ ማሳ ዳር ወሰድሁት። «እንደ ሌባ አትያዢኝ!» ብሎ ተቆጣኝ፤ ደስ አለኝ። ለጠያቂዎቹ ግን አልተኛም። ደጃፉ ላይ በርጩማ ጥዬ እቀመጥና የሚገባውን ሁሉ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። ዓይኑን ፈርቼ አይደለም። ቢብሰውም ቢሻለውም በማን ሊያሳብብ እንደመጣ ለማወቅ ነው።