የእማዬ ሻይና አምስት ማንኪያ ስኳር

ለጭሮ ሕዝብ በሙሉ፦ የቤታችን የስኳር ጣሳ ዛሬ ጠዋት ባዶውን መገኘቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ።

ትናንት ነርሷ ስለ እማዬ የመርሳት ሕመም ስታስረዳን፣ «የአንጎሏ ሴሎች ስኳሩን ወደ ኃይል መቀየር እያቃታቸው ነው» አለች።

ዕድሜውን በመቻራ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረው አባዬ ዛሬ ጠዋት የስኳር ጣሳውን ጠርጎ ሻይዋ ላይ አምስት ማንኪያ ጨመረ።

«አባዬ፣ ነዳጅ አልጎደላትም። ሞተሩ ነው አላቃጥል ያለው።»

«አንተ ነህ ስለ ሞተር የምታስተምረኝ?» (መንጃ ፈቃድ የለኝም።)

እማዬ ቀመሰችና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ እንዴት ይጣፍጣል! ሚስትዎ ታድላ!» አለችው።

አባዬ «አሜን» ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ደክሞናል። እናንተስ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ ቀኑን እንዴት ትገፉታላችሁ?

ማስተካከያ፦ ባለፈው ሳምንት «አባዬ የሕመሟ ክብደት አልገባውም» ብዬ የለጠፍኩት ስህተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ገጹ ይቅርታ ይጠይቃል።