ጳጉሜ የጎደለችበት የዋጋ ንረት

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ሦስተኛ ክፍል እያለን እርሳሴን የሰበረችብኝን ልጅ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታ እንኳን፣ መንገድ ላይ ሳገኛት ፊቴን አዞርባታለሁ። የሥራ ክፍላችን ኃላፊ ስሜን ከጥናቴ ሽፋን ላይ ሲያነሳ ማንን እንደነካ አላወቀም።

ካዛንቺስ፣ ሊፍቱ ከሠራበት ቀን ይልቅ የተበላሸበት ቀን በሚበዛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣድኩ፤ ዋጋን ሽቅብ የሚነዳው ምንድን ነው? ተጠርጣሪዎቼ ሦስት ነበሩ፤ ዶላር፣ ገበያ ውስጥ ያለው የብር ብዛት እና ዝናብ። መጻሕፍቱ የእኛን ዓይነት አገር «ትንሽና ክፍት ኢኮኖሚ» ይሉታል። ማለቴ፣ የነዳጁንም የዘይቱንም ዋጋ ሌሎች ውጭ ተነጋግረው ይጨርሱና እኛ እንሰማለን።

ለምርምር ስል የቄራን ሥጋ ቤቶች አዳረስኩ። በዚያ ሁለት ዓመት የበላሁት ጥሬ ሥጋ መንገድ ላይ ቢዘረጋ ከኦሎምፒያ ቡልጋሪያ ማዞሪያ ይደርሳል። አንድ አዛውንት ሥጋ ሻጭ ነበሩ። «ጋሼ፣ ይሄ በሬ ውጭ አገር ሄዶ አያውቅ፤ ዶላር ምን አገባው?» አልኳቸው። ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ አስረዱኝ። በሬው ባይሄድም የጫነው መኪና ጎማውም ነዳጁም የውጭ ነው፤ ግን ሾፌሩ ጎማ የሚቀይረው ያለው ሲያልቅበት ስለሆነ ጭማሪው እሳቸው ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። የነገሩኝን በቀመር ጻፍኩት። ዶላር ዛሬ ሲጨምር ሥጋ ሳምንታት ቆይቶ ይከተላል። የሞዴሌ ልብ ይህ መዘግየት ነበር።

ጥናቱ አዳራሽ ውስጥ ለበላዮች ሊቀርብ ሳምንት ሲቀረው የታተመው ረቂቅ ደረሰኝ። ሽፋኑ ላይ ያለው የኃላፊው ስም ብቻ ነው፤ ፊደሉ ከጨረቃ ላይ ይነበባል። እኔ ምስጋናው ውስጥ ነበርኩ፣ «በጽሕፈት ሥራ ላገዙን» በሚለው ሥር፣ ከሾፌራችን ቀጥሎ። ስጠይቀው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ወንድሜ ሥራው የቢሮው ነው፣ ስም ምን ያደርግልሃል አለኝ። የራሱ ስም ምን እንደሚያደርግለት ግን አልነገረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ረቂቁን ገለጥኩ። ሰውዬው የራሱ እንዲመስል ብሎ ሠንጠረዡን እንደ አዲስ ገንብቶታል። የዋጋ ሰብሳቢዎቻችን ቅጽ የሚሞላው በእኛ ወር ነው፤ የዶላሩ መረጃ የሚመጣው በፈረንጅ ወር። እኔ ሁለቱን ለማስማማት ዓይኔ ሊጠፋ ነበር። እሱ አልተጨነቀም። በዓመተ ምሕረቱ ላይ ሰባት ደመረ፤ መስከረም የመጀመሪያ ወር ናት፣ ጃንዋሪም የመጀመሪያ ወር ነው፣ በቃ፣ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የእኛ አሥራ ሦስት፣ የእነሱ አሥራ ሁለት ሆኖ አንድ ረድፍ ሲተርፍበት ጳጉሜን ሰረዛት። ለእንቁጣጣሽ ቄራ የምትጋጋልባትን ጳጉሜን!

ሴፕቴምበር ላይ መዋል የነበረባት መስከረም ጃንዋሪ ላይ ስትቀመጥ ዋጋው ሁሉ ስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ። በእሱ ሥዕል ላይ ዶላር ሳይጨምር ወራት ቀድሞ ሥጋ ይጨምራል። ደንግጦ ሠንጠረዡን እንደማየት፣ ነጋዴው የወደፊቱን ስለሚገምት ነው የሚል አንድ ገጽ ማብራሪያ ጽፎበታል። የቄራ ሥጋ ሻጮች በሙሉ ነቢያት ሆነዋል።

በእኔ ቦታ ጨዋ ሰው ቢሆን ደውሎ ስህተቱን ይነግረው ነበር። እኔ ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዝኩ።

በቀኑ የሠርጌን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ፤ ቁልፉ ከተጋባን ሰሞን ጀምሮ ተዘግቶ አያውቅም። ኃላፊያችን አሳምሮ አቀረበ። ነቢያቱም ተወደዱለት። የአዳራሹን ግማሽ ያስተማሩት ሰብሳቢዋ ጥያቄ ካለ ሲሉ ከኋላ እጄን አወጣሁ፤ ማር በሆነ ድምፅ፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በሠንጠረዥዎ ውስጥ ጳጉሜ የት ሄደች?»

ቀልደኛነቴን የሚያውቁ ሳቁ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ረድፎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ መስከረም ጎን ያለው ጃንዋሪ ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ኃላፊያችን ውኃ ጠጣ፤ ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ተመኝቼ እንኳ የማላገኘውን ነገር አደረገልኝ። በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

«እሱ ነው የሠራው። ሞዴሉም የእሱ ነው፤ እኔ አቅራቢ ብቻ ነኝ።»

«ታዲያ ስሙ ሽፋኑ ላይ የት አለ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

ተነሣሁ። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስቦ ስለመሰከረልኝ አመሰገንኩት። ሞዴሉ የእኔ እንደሆነ፣ ሠንጠረዡ ግን እንዳልሆነ፣ ጳጉሜ በሰላም የምትኖርበት የእኔው ፋይል ኮምፒውተሬ ውስጥ እንዳለ ተናገርኩ። ጥናቱ እንዲመለስ፣ ባለቤቱ እንዲያስተካክለውና በባለቤቱ ስም እንዲወጣ ተወሰነ።

ሰኞ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሁለት ስም ይሁን፣ ያንተ ይቅደም አለ። ላስብበት አልኩት፤ መልሴን የያዝኩት ገና ወንበር ሲስብ ቢሆንም ሦስት ሳምንት አስጠበቅኩት። ከዚያ አይሆንም አልኩት። ጥናቱ በአንድ ስም ወጣ፤ በእኔ።

ዛሬም አለቃዬ ነው፤ የዓመት ፈቃዴን የሚፈርመው እሱ ነው፣ በዚያም ዘንድሮ እንደተበቀለኝ አልደብቅም፤ የፈረመልኝ አምስት ቀን ብቻ ነው። ግን ሁሌ ስብሰባ ጠርቶ ቀኑን ሲናገር እጄን አወጣለሁ።

«በእኛ ነው ወይስ በፈረንጅ?» እለዋለሁ።

እሱም፣ ምን ምርጫ አለው፣ ይመልሳል።