የእትዬ ስምንት ዓመት

አርፌ መቀመጥ የማልችል ሴት ሆኜ የቀረሁት በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው።

ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ጎፋ አካባቢ አንድ ክር ፋብሪካ በጸሐፊነት ገባሁና፣ ከኮምፒውተሩ ካርቶን የወጣውን መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ፕሮግራም መጻፍ ለመድኩ። የሠራተኛው መዝገብ በሦስት ክፍል (አንዱ የመካኒሳው ቅርንጫፍ ነው)፣ በሦስት ኮምፒውተር ተበትኖ ነበር፤ ሁሉም እንደፈቀደው ይሞላዋል። አንድ መልክ አስያዝኩት። ሰኞ ሰኞ ከየክፍሉ የሚመጣውን ዲስኬት ስከት፣ ፕሮግራሜ ራሱ ያዋህዳል፣ የፈረንጁን ዘመን ወደኛ ይመልሳል፣ ጡረታ የደረሰውን ለይቶ ያትማል። ኩራቴን አትጠይቁኝ!

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ከመካኒሳው ቅርንጫፍ ክር የሚጠቀልሉ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ወረቀት ይዘው ቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ስምንት ዓመቴን የት አደረግሽው?»

«ምነው እትዬ?»

«ሃምሳ አምስት ሞልቶሻል፣ ጡረታ ውጪ ይላል! ገና አርባ ሰባቴ ነው። ልጆቼን በምን ላሳድግ?»

ክው አልኩ። ሁለቱ ክፍሎች በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጽፉ መካኒሳም እንዲያ መስሎኝ ነበር። ለካስ እነሱ በኛው ነው የሚጽፉት፤ ፕሮግራሜ ከልደታቸው ዘመን ስምንት ቀንሶ አስረጅቷቸዋል።

ስንብታቸው ከምሳ በፊት ሊፈረም ነው። ኃላፊው ጋ ሮጥኩ።

«አይሳሳትም ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ?» አሉኝ። «እንግዲያው ወረቀት አምጪ።»

ወረቀቱ መካኒሳ ነው። ታክሲው አልሞላ አለ። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በመስኮት አያለሁ።

«ምነው ልጄ፣ ጉንዳን ወረረሽ እንዴ?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ።

አቦ ቤተ ክርስቲያን ጋ ወርጄ እስከ መዝገብ ቤቱ በሩጫ። አቧራ በአቧራ ሆኜ ፋይላቸውን አገኘሁት። በገዛ እጃቸው በሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ፣ ከልደታቸው ዘመን ፊት «ጥቅምት ሚካኤል ዕለት» ይላል። ፈረንጅ በሚካኤል አይቆጥርም!

ስመለስ ኃላፊው ብዕር አንስተዋል። ቅጹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደብዳቤውን ቀደዱት።

ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሜ «ይህ በማን አቆጣጠር ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ንቅንቅ አይልም። እትዬ ግን እሱንም አላመኑት። የመካኒሳን ዲስኬት «ከኔ በቀር ማንም አይወስድም» ብለው፣ ሰኞ ሰኞ በጉያቸው ይዘው ይመጣሉ።

«እህ፣ ዛሬስ ስንት ዓመቴ ነው?»

«አርባ ሰባት፣ እትዬ!»

ስቀው ይወጣሉ። እኔ ደግሞ ኮቴያቸው ሲርቅ እንደገና ከፍቼ አያለሁ።