አልይዝ ያሉት የሰርካለም ሕዋሳት

ሰርካለም ዱባለ በዚያ ሰሞን የገዛ እጇን ጠልታ ነበር። ሰው ስንት የሚጠላው ነገር ሞልቶ እጁን ይጠላል? እሷ ግን ሦስት ወር ሙሉ ያዋረደኝ እጄ ነው ብላ ደምድማ ነበር።

የቡኢ ልጅ ናት። አባቷ ከበሬ ጅማት የጥጥ መንደፊያ ደጋን የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ «ጅማት ሙቀት ካየ አበቃለት፣ በቀዝቃዛ ነው የሚሠራው» ሲሉ እየሰማች አደገች። ወልቂጤ ላብራቶሪ ተማረችና ስምንት ዓመት በአንድ ክሊኒክ የሰው ሽንትና ሰገራ ስትመረምር ኖረች። ኋላ ዶክተር ምንተስኖት የሚባል ሰው ቡታጅራ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ የምርምር ላብራቶሪ ሲከፍት ቀጠራት። ሌላ ሰው ሲፈልግም አብራት የተማረችውን መንበረን ያመጣቻት እሷው ራሷ ናት። መንበረ ጓደኛ ብቻ አይደለችም፤ ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳችላት ሰርካለም ናት። አበልጆች ናቸው እንግዲህ።

ሥራው እንዲህ ነው። የደም ሥር ውስጡ ዝም ብሎ ቱቦ አይደለም፤ አንድ ረድፍ ስስስ ያሉ ሕዋሳት ተነጥፈውበታል። እነዚህ ሕዋሳት ከሥራቸው ያለውን የክር መረብ ሙጭጭ ብለው ይይዛሉ። ከያዙ ይዘረጋሉ፣ ይባዛሉ። ካልያዙ ምግብ እላያቸው ላይ ቢፈስም ይሞታሉ። ዶክተሩ ማወቅ የፈለገው እንዴት እንደሚይዙና ምን እንደሚያስለቅቃቸው ነው። ሕዋሳቱ የሚወጡት ቄራ ከታረደ በሬ፣ ከልብ ከሚነሳው ትልቁ የደም ሥር ነው። ላብራቶሪ ሳህን ላይ የሚነጠፍላቸው መረብ ግን ከውጭ ሲመጣ መንገድ ላይ እየሞቀ ይበላሽ ነበር። ሰርካለም የአባቷን ነገር አስታውሳ ከበሬ ጭራ ጅማት፣ በቀዝቃዛና ውሃ በበዛበት አሲድ፣ ራሷ ታወጣው ጀመር። ዶክተሩ ጉድ አለ። ለመንበረም አንድ ሳትደብቅ አስተማረቻት።

ጥቅምት ላይ ዶክተሩ ሁለቱንም ጠራቸው። «ፕሮጀክቱ ጠቧል፤ ከጥር ጀምሮ የማቆየው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለ። «እኔ በእናንተ መሀል መምረጥ አልችልም። ሳህናችሁ ይምረጥ። ሕዋሳቷ የያዙላት ትቀራለች።»

ሰርካለም ወደዚያ ክሊኒክ መመለስን እንደ ሞት ነበር የፈራችው። ደግሞም ይህን ሥራ ትወደዋለች፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ስትቀመጥ ምሳ ይረሳታል።

«አንቺ መረቡን አዘጋጂ፣ ቄራ እኔ እሄዳለሁ» አለቻት መንበረ። ሰኞ ሰኞ በባጃጅ እየሄደች ሁለት ከረጢት ታመጣለች፤ አንዱ የሰርካለም ስም፣ አንዱ የራሷ ስም ተጽፎበት። በሬው አንድ ዓይነት፣ መረቡ አንድ፣ ምግቡ አንድ። የመንበረ ሕዋሳት ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። የሰርካለም ግን ፍርስራሽ ብቻ ሆኖ ይንሳፈፋል። ደገመች፣ ሠለሰች። ቅባት መቀባት ተወች፣ ጥፍሯን እስኪደማ ቆረጠች፣ ለእመቤቴ ማርያም ተሳለች። መንበረ ትከሻዋን እያሻሸች «እጅሽ ትንሽ ይከብዳል መሰለኝ፣ አበልጄ፤ አይዞሽ» ትላታለች። እሷም ታምናለች! አበልጇን ያላመነች ማንን ልታምን?

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት፣ የስንብት ደብዳቤዋን ተቀበለች። እስከ ዓርብ ሥሪ ተባለች። በዚያው ቀን ቄራ ሄደች፤ የደም ሥሩን የሚያወጡላቸውን ጋሽ ሳኒን ልትሰናበት።

«ምነው ሰርኬ፣ ምን አጥፍተሽ?» አሉ ሳኒ ቢላቸውን አስቀምጠው።

«አልያዝልኝ አለ፣ ጋሼ። ሕዋሱ ሳህኑን አልይዝ አለኝ።»

«ወይ ጉድ! እኔማ ወላሂ እንዳልሽኝ ነበር የማደርግልሽ። አንድ ሰኞ አላጎደልኩም፤ ውስጡን ገልብጬ በጨርቅ ፈትጌ ፈትጌ ነው የማጥብልሽ።»

«ምን አልኩዎት?»

«በአበልጅሽ ልከሽብኝ የለ? ‹የሰርካለምን ፈትገህ እጠብ፣ የኔን ሳትነካ ስጠኝ፣ ሥራችን ይለያያል› አለችኝ። አጠፋሁ እንዴ?»

ሰርካለም አሁን ገባት። ያ አንድ ረድፍ ሕዋስ እኮ በጣት ሲነኩት የሚነሳ ነው! እንኳን በጨርቅ። ሦስት ወር ሙሉ ባዶ ቱቦ ይዛ ስትማስን፣ ስትሳል፣ ጥፍሯን ስትቆርጥ፣ ያቺ አጠገቧ ቆማ ታያታለች። አይዞሽ እያለች!

«እርስዎ ምንም አላጠፉም» አለቻቸው። «አንድ ሳይታጠብ ይስጡኝ።»

በዚያው ቀን ሕዋሳቱን አወጣቻቸው፣ አንድ ሳህን ላይ ዘራቻቸው። በማግስቱ ይዘዋል። ዓርብ ጠዋት እንደ ኮብልስቶን ጎን ለጎን ተነጥፈው፣ ሳህኑን ቢወዘውዙት ንቅንቅ የማይሉ ሆኑ። የመንበረ ሳህን አንድም ቀን እንዲህ አምሮ አያውቅም። ሰርካለም እጇን አየችው፤ ይቅርታ ልትጠይቀው ምንም አልቀራት፣ አለቀሰች።

ዶክተሩ ማይክሮስኮፑን ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ምነው ባለፈው ሳምንት በሆነ! ደብዳቤው እኮ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ተፈርሟል።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን የክርስትና ልጇ ፊት ድቅን አለባት፤ ያቺን ልጅ ነገ በምን ዓይኗ ታያታለች? ዋጠችው። ሞኝ በሏት፤ እኔም ብያታለሁ።

ዶክተሩ ሲወጣ መንበረ ገባች። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለችና ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ፈገግ ብላለች።

«እንዴት ያምራሉ፣ አበልጄ! አየሽ፣ እጅሽ ተፍታታ። አታስቢ፣ አንቺ ብትሄጂም እኔ እቀልባቸዋለሁ።»

ሰርካለም ሳህኑን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። ከመደርደሪያው ሥር በረኪናውን አወጣችና እስኪሞላ ድረስ ቀስ ብላ ቀዳችበት።

«እንዴ!» መንበረ እጇን ያዘቻት። «አብደሻል? እነሱ ምን አጠፉ?»

«ጋሽ ሳኒ ነግረውኛል» አለች ሰርካለም። «እኔስ ምን አጠፋሁ፣ አበልጄ?»