ለለቅሶ የተወሰዱት ወንበሮች

ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ባለ አፓርትመንት የሚኖሩት እማማ ዘውዴ ዛሬ ጠዋት ከማናጀሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። «ስርቆት» ይላል፤ ቤታቸውን ሊያስለቅቃቸው ይችላል።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤታቸው ወንድም ሞቶ ነበር። እማማ የዕድር ነገር መስሏቸው፣ ማንንም ሳይጠይቁ ከሕንፃው አዳራሽ አሥራ ሁለት ወንበር ለለቀስተኛው ወሰዱ። ካሜራ ቀረጻቸው።

እኔና እማማ ደብዳቤውን ይዘን ጋሽ ኃይሉ ዘንድ ሄድን። በንጉሡ ዘመን ለንደን ሕግ የተማሩ ጡረተኛ ናቸው።

«በእንግሊዝ ሕግ የሰው ንብረት መውሰድ ብቻውን ሌባ አያሰኝም» አሉ። «የወሰደው ሰው ሐቀኝነት የጎደለው፣ ንብረቱንም ጨርሶ ለማስቀረት ያሰበ መሆን አለበት። ካሊፎርኒያም ያለዚህ ሐሳብ ስርቆት የለም። ወይዘሮ ዘውዴ፣ ሊመልሱ አስበው ነበር?»

«ምን ነካዎት ጋሽ ኃይሉ! በለቅሶ ወንበር ሳሎኔን ላሳምር ኖሯል? በሦስተኛው ቀን መልሻለሁ። ስወስድም የቤቴን ቁጥር ጽፌ አዳራሹ በር ላይ ለጥፌያለሁ።»

አድራሻውን ለጥፎ የሚሄድ ሌባ በጋዜጠኝነት ዘመኔ አላጋጠመኝም።

አዳራሹ ሄደን ስናይ የለጠፉት ወረቀት አሁንም በሩ ላይ ነበር። ፎቶ አነሳሁት፤ ጋሽ ኃይሉ መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ እማማ ፈረሙ። ይህ ስርቆት አይደለም።

እናንተስ፣ በአገር ቤት ወግ ያደረጋችሁት ነገር እዚህ ወንጀል ተብሎባችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ።

ማናጀሩ ውሳኔውን ዓርብ አሳውቃለሁ ብሏል።